ለሞቃት ወራት የሚሆን ተጨማሪ መኖ፦ በስምጥ ሸለቆ ለሚረቡ ድቅል የወተት ላሞች የአሠራር መመሪያ

ከየካቲት እስከ ሰኔ መባቻ ባሉት ወራት ከአዳማ እስከ መተሐራ፣ ከባቱ እስከ ሐዋሳ እንዲሁም በድሬዳዋ ዙሪያ የሆልስታይን ፍሪዥያን ደም ያለባቸው ድቅል ላሞች ወተታቸው ይቀንሳል፣ እርግዝና መያዝም ያስቸግራቸዋል። የቦረናና የአፋር ከብቶች ይህን ሙቀት ለዘመናት ተላምደውታል። ድቅሏ ላም ግን ብዙ በልታ ብዙ ወተት እንድትሰጥ የተመረጠች በመሆኗ፣ ከፀሐይ ከሚደርስባት ሙቀት ሌላ መኖው በሆዷ ሲብላላና ወተት ስታመርት የሚፈጠረው ሙቀት ተጨማሪ ሸክም ይሆንባታል።

ወተት ሲቀንስ አብዛኛው አርቢ በመጀመሪያ የሚያደርገው ፉርሽካና በቆሎ መጨመር ነው። በእኔ እምነት በሞቃት ወራት ከሚፈጸሙት ስሕተቶች ሁሉ ላሟን ይበልጥ የሚጎዳው ይህ ነው። በሙቀት የተጨነቀች ላም ታለከልካለች። በማለክለክ ብዛት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሟ ከመጠን በላይ ስለሚወጣ የደሟ የአሲድ ሚዛን ይዛባል፤ ኩላሊቷም ሚዛኑን ለመመለስ አሲድ የሚያበርደውን ባይካርቦኔትን በሽንት ያስወግዳል። በዚያው ልክ ለሃጯ ወደ መሬት ስለሚዝረበረብ፣ በጨጓራዋ ውስጥ የሚፈጠረውን አሲድ ሊያበርድ የሚገባው ምራቅ በመጠንም በጥራትም ያንሳል። በዚህ ላይ ጭዱን ትታ ድብልቅ መኖውን ብቻ ስትመርጥ ማመስኳቷ ይቀንስና ምራቋ ይባሱን ያጥራታል። እህል በተጨመረላት ቁጥር የጨጓራዋ አሲድ ይጨምራል። ሰው ሲያልበው በዋናነት የሚያጣው ሶዲየም ሲሆን ላም ግን በላቧ የምታጣው በዋናነት ፖታሲየም ነው። ስለዚህ በሞቃት ወራት የሚሰጥ ተጨማሪ መኖ ዋና ሥራው በትንፋሽ፣ በለሃጭ፣ በላብና በሽንት የወጣውን ፖታሲየም፣ ሶዲየምና ባይካርቦኔት መተካት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የተዘጋጁት በዚህ ሐሳብ ላይ ተመሥርተው ነው።

ለስሌቱ እንደ ምሳሌ የተወሰደችው 450 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን፣ በቀን 15 ሊትር የምትታለብና በደረቅ ክብደት (በመኖው ውስጥ ያለው ውኃ ሳይቆጠር) ሲታሰብ 14 ኪሎ ግራም መኖ የምትበላ ድቅል ላም ናት። የእርስዎ ላም ከዚህ ካነሰች ወይም ከበለጠች መጠኑን በዚያው ልክ ዝቅ ወይም ከፍ ያድርጉ።

አንደኛ ደረጃ፦ ላሟ በእርግጥ መጨነቋን መለካት

ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ላሟ በጥላ ሥር ተረጋግታ ቆማ ሳለ የሽንጧን እንቅስቃሴ ለ30 ሰከንድ ቆጥረው በ2 ያባዙ። በደቂቃ ከ60 በላይ ትንፋሽ የጭንቀት መጀመሪያ ነው፤ ከ80 በላይ ከሆነ ጭንቀቱ ጠንክሯል፤ አፏን ከፍታ ምላሷን አውጥታ የምታለከልክ ከሆነ ደግሞ ለሕይወቷ አስጊ ደረጃ ላይ ደርሳለች። ቴርሞሜትር ካለዎት በፊንጢጣ ይለኩ። ጤናማ ላም 38.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ትሆናለች፤ ከሰዓት በኋላ ከ39.2 በላይ ሆና የምትውል ከሆነ ሙቀቱን ማስወጣት አልቻለችም ማለት ነው።

ብዙ ሰው እርጥበት የሌለው ሙቀት ላምን አይጎዳም ብሎ ያስባል። እርግጥ ነው፣ እርጥበት ሙቀቱን ያብሰዋል፤ ነገር ግን በደረቁ የአዋሽ ሸለቆም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም። የአየሩን ሙቀትና እርጥበት አጣምሮ የሚያሳየው ጠቋሚ ብዙ ወተት ለምትሰጥ ላም 68 ሲደርስ ምርት መቀነስ ይጀምራል። 22 ዲግሪ ከ50 በመቶ እርጥበት ጋር ለዚህ ይበቃል፤ 30 ዲግሪ በ50 በመቶ እርጥበት 78 ገደማ ይሰጣል፤ 35 ዲግሪ ደግሞ በ30 በመቶ እርጥበት ብቻ 81 ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ላሟ ማለክለክ እስክትጀምር ሳይጠብቁ፣ በየካቲት አጋማሽ መኖውን ማስተካከል መጀመር ይሻላል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ጥላና ውኃ፣ በተለይም የውኃው ጨዋማነት

ጥላ የሌላት ላም ከሚሰጣት ማዕድን የምታገኘው ጥቅም እጅግ ጥቂት ነው። ለእያንዳንዷ ላም ከ3.5 እስከ 4.5 ካሬ ሜትር ጥላ ያዘጋጁ፤ ከጎን ነፋስ የሚያስገባ ይሁን። የቆርቆሮ ጣሪያ ከሆነ በላዩ ላይ ሣር ወይም ገለባ መደራረብ ከታች የሚወርደውን ሙቀት በግልጽ ይቀንሳል።

ለምሳሌ የወሰድናት ላም በሞቃት ቀን 80 ሊትርና ከዚያም በላይ ትጠጣለች። ውኃው ሌሊቱንም ጭምር ሳይቋረጥ በጥላ ሥር መኖር አለበት። ጨውና ባይካርቦኔት ተሰጥቷት ውኃ የምታጣ ላም በጨው ልትመረዝ ትችላለችና ውኃ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ የሚያጠጣ አርቢ ከዚህ በታች ያለውን የማዕድን ድብልቅ እንዳይጀምር አጥብቄ እመክራለሁ።

በስምጥ ሸለቆ ሌላም ጉዳይ አለ። የአካባቢው የጉድጓድ ውኃ በአብዛኛው ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት ነው፤ ፍሎራይዱም ብዙ ጊዜ ከፍተኛ ነው። ውኃው በሊትር 300 ሚሊ ግራም ሶዲየም ቢኖረው 80 ሊትር የጠጣች ላም ከውኃው ብቻ 24 ግራም ሶዲየም ታገኛለች፤ ይህም በሙቀት ጊዜ ከሚያስፈልጋት ከሲሶ በላይ ነው። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ያለው አርቢ ከመጽሐፍ የተገኘውን የጨው መጠን እንዳለ መጨመር የለበትም። ስለዚህ መኖ ከመግዛትዎ በፊት ውኃውን አንድ ጊዜ በላቦራቶሪ ያስመርምሩ። ከብቶች የሚልሱት ቦሌ አፈርና የሚጠጡት የሆራ ውኃም ከቦታ ቦታ ይዘቱ በጣም ስለሚለያይ ለጤና ቢጠቅምም በግራም የሚሰላውን ማዕድን ይተካል ብሎ ማመን አይቻልም።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ፖታሲየምን ከአሰር መኖና ከሞላሰስ ማግኘት

በሙቀት ወቅት የመኖው የፖታሲየም መጠን ከደረቅ ክብደቱ 1.5 በመቶ ገደማ መሆን አለበት፤ ለምሳሌያችን ላም ይህ በቀን 210 ግራም ይሆናል። አሁን ያላትን እንቁጠር። 6 ኪሎ ግራም የጤፍ ጭድና ድርቆሽ በግምት 72 ግራም፣ 2 ኪሎ ግራም በደረቅ ክብደት የሚታሰብ የዝሆን ሣር 50 ግራም፣ 6 ኪሎ ግራም ድብልቅ መኖ ደግሞ 60 ግራም ይሰጧታል። ድምሩ 182 ግራም ስለሆነ 28 ግራም ይጎድላል። ይህን ጉድለት 1 ኪሎ ግራም የሸንኮራ አገዳ ሞላሰስ ይሞላዋል፤ ሞላሰስ በፖታሲየም ከበለጸጉት መኖዎች አንዱ ሲሆን ለወንጂና ለመተሐራ አካባቢ አርቢ ምንጩ ቅርብ ነው።

ሞላሰሱን ለብቻው አይስጡ። በእኩል መጠን ውኃ አቅጥነው በጭዱ ላይ ያርከፍክፉት፤ ላሟ በሙቀት ጊዜ ልትተወው የምትፈልገውን ጭድ እንድትበላ ያደርጋታል፣ ይህም ከፖታሲየሙ የማያንስ ጥቅም ነው። ከ1.5 ኪሎ ግራም በላይ ግን አይሂዱ፤ ስኳሩ በጨጓራዋ ውስጥ ፈጥኖ አሲድ ይሆናልና። ሞላሰስ በሌለበት አልፋልፋ፣ ለጋ የዝሆን ሣር፣ የሸንኮራ አገዳ ጫፍ ወይም በደቡብ እንደሚደረገው የሙዝና የእንሰት ቅጠልና ግንድ መጠቀም ይቻላል። የእንሰትና የሙዝ ግንድ አብዛኛው ክፍሉ ውኃ በመሆኑ ላሟን ያረካታል እንጂ አያጠግባትም፤ ፕሮቲኑም አነስተኛ ስለሆነ ከፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ የቅባት እህል የሚቀረው ተረፈ ምርት) ጋር እንጂ ብቻውን አይበቃም።

ፖታሲየም ክሎራይድ በመኖ ደረጃ ተዘጋጅቶ ከተገኘ በቀን ከ50 እስከ 60 ግራም መስጠት ይቻላል። ሆኖም አብሮት የሚመጣው ክሎራይድ ልናስተካክል የፈለግነውን የደም ሚዛን በከፊል ስለሚያጠፋው ከሞላሰስና ከአልፋልፋ ቀጥሎ እንጂ አስቀድሞ አይመረጥም። ለእርሻ የሚሸጠውን የፖታሽ ማዳበሪያ ግን በምንም ምክንያት ለከብት አይስጡ።

አራተኛ ደረጃ፦ ድብልቅ መኖውን ማዘጋጀት

ለ100 ኪሎ ግራም ድብልቅ 46 ኪሎ ግራም ፉርሽካ፣ 28.2 ኪሎ ግራም የኑግ ፋጉሎ፣ 20 ኪሎ ግራም የተከካ በቆሎ፣ 2.5 ኪሎ ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ 1 ኪሎ ግራም የምግብ ጨው፣ 1 ኪሎ ግራም የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ 0.8 ኪሎ ግራም ማግኒዥየም ኦክሳይድ እና 0.5 ኪሎ ግራም የቫይታሚንና ማዕድን ፕሪሚክስ ያስፈልጋል። የፕሪሚክሱ ማሸጊያ ሌላ መጠን ካዘዘ ያንን ይከተሉና ልዩነቱን በፉርሽካው ያስተካክሉ። የድብልቁ ፕሮቲን ከ17 እስከ 18 በመቶ ይሆናል።

ከዚህ ድብልቅ በቀን 6 ኪሎ ግራም የምትበላ ላም 150 ግራም ባይካርቦኔትና 60 ግራም ጨው ታገኛለች። ሁለቱ አንድ ላይ 64 ግራም ያህል ሶዲየም ይሰጧታል፤ ይህም ከመኖው ደረቅ ክብደት 0.45 በመቶ ስለሚሆን ለሙቀት ጊዜ ተገቢ ነው። ጉድጓድዎ ጨዋማ ከሆነ መጀመሪያ የሚቀንሱት ጨውን እንጂ ባይካርቦኔትን አይደለም። ጨው በክሎራይዱ ምክንያት የደሙን ሚዛን አያሻሽልም፤ የጨጓራዋን አሲድ የሚያበርደው ባይካርቦኔት ነው። ባይካርቦኔት በዳቦና በኬክ ዕቃ መሸጫ ቤኪንግ ሶዳ በሚል ስም የሚታወቀው ነው፤ በኩንታል የሚሸጠው የመኖ ደረጃው ግን ዋጋው ይቀንሳል። ማሸጊያውን አንብበው ቤኪንግ ፓውደር አለመሆኑን ያረጋግጡ፤ በውስጡ ሌላ አሲድና ስታርች ስላለ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የኖራ ድንጋይ ዱቄቱ የገባው ፉርሽካ ፎስፎረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ግን በጣም ጥቂት ስለሆነ ነው። ለግድግዳ መቀቢያ የሚሸጠው የተቃጠለ ኖራ የላሟን አፍና ጉሮሮ ስለሚያቃጥል በፍጹም አይተካውም። ማግኒዥየም ኦክሳይድ ካልተገኘ ድብልቁን ያለ እሱ መሥራት ይቻላል፤ በእሱ ፈንታ ባይካርቦኔቱን ወደ 3 ኪሎ ግራም ከፍ ያድርጉና የጨመሩትን ግማሽ ኪሎ ግራም ከጨው ላይ ይቀንሱ።

ሲቀላቅሉ በጥቂት የሚገቡትን ማዕድናትና ፕሪሚክሱን ሁሉ አስቀድመው ከ5 ኪሎ ግራም ፉርሽካ ጋር በሰፊ ሣፋ ውስጥ በእጅ ያዋሕዱ። ከዚያ በንጹሕ ሲሚንቶ ወለል ወይም ሸራ ላይ በተዘረጋው በቀረው መኖ ላይ ይበትኑትና ክምሩን በአካፋ ቢያንስ አራት ጊዜ ከቦታ ቦታ ያገላብጡት። በደንብ ያልተዋሐደ ድብልቅ ለአንዷ ላም ጨው ብቻ፣ ለሌላዋ ምንም እንዳይደርሳት ያደርጋል።

ፋጉሎ ሲገዙ ሽታውንና ቀለሙን በጥንቃቄ ይመልከቱ። በአዲስ አበባ ዙሪያ በወተትና በመኖ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ወደ ወተት የሚገባበት ዋና መንገድ የኑግ ፋጉሎ ነው። መርዙ በወተቱ በኩል ወደ ልጆች ስለሚደርስ ይህ የገበያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፋጉሎውን ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ። አንድ ጊዜ የሻገተውን ደግሞ ፀሐይ ላይ አድርቆ መመለስ መርዙን አያጠፋውም።

አምስተኛ ደረጃ፦ ማላመድና የምግብ ሰዓትን ማዛወር

ባይካርቦኔት ጣዕሙ ስለማያስደስት ላሟ በመጀመሪያው ቀን ድብልቁን ልትጠላው ትችላለች። በአሮጌው ድብልቅዎ ላይ ከአዲሱ አንድ ሦስተኛ ያህል ጨምረው ይጀምሩና በሰባት ቀን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይተኩት። በሞላሰስ የራሰ ጭድ ከሥሩ ማድረግ ለመላመድ ይረዳል።

ከበላች ከ3 እስከ 5 ሰዓት በኋላ በጨጓራዋ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከፍተኛ ይሆናል። ጧት 3 ሰዓት ላይ የተሰጠ መኖ ከፍተኛውን ሙቀት የሚያመነጨው ልክ ፀሐይዋ በምትበረታበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ከቀኑ መኖ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጧቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ያቅርቡ። ድብልቅ መኖውን በአንድ ጊዜ 3 ኪሎ ግራም ከመስጠት ይልቅ በአራት ከፍለው ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓትና ከጧቱ 12 ሰዓት 1.5 ኪሎ ግራም እየሰጡ ማዳረስ ለጨጓራዋ ይመቻል። ሌሊት የሚነሣ ሠራተኛ ከሌለ በሦስት ይክፈሉት፤ ቀን ላይ ለጋ ሣር ብቻ በግርግሙ ውስጥ እንዲቆይ ያድርጉ።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ገንዘብ የሚያስወጡ ሌሎች ተጨማሪዎችን መምረጥ

ቅባት ከእህል የበለጠ ኃይል ይሰጣል፣ ሲፈጭም የሚያመነጨው ሙቀት ያነሰ ነው። በአዋሽ ሸለቆ ያሉ አርቢዎች የጥጥ ፍሬ ካገኙ በቀን ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ግራም ለምትታለብ ላም መስጠት ይችላሉ። ከዚህ በላይ ከሆነ ወይም የምግብ ዘይት በቀጥታ ከተጨመረ ግን ቅባቱ ጭድ የሚፈጩትን ረቂቅ ሕዋሳት ያደክማል። አጠቃላይ ቅባቱ ከመኖው ደረቅ ክብደት ከ6 በመቶ እንዳያልፍ ይጠንቀቁ፤ በአሮጌ መጭመቂያ የተጨመቀ የኑግ ፋጉሎ ብዙ ዘይት እንደሚቀርበትም ያስቡ። በጥጥ ፍሬ ውስጥ ጎሲፖል የሚባል መርዝ ስላለ ለጥጆች አይሰጥም።

ለከብት የተዘጋጀ ሕያው እርሾ የጨጓራውን አሲድ ለማረጋጋትና ጭድ እንዲፈጭ ለመርዳት ይጠቅማል። በማሸጊያው በተጻፈው መጠን ይስጡት፤ ፀሐይ ላይ የዋለ እርሾ ሞቷልና በቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡት። ለዳቦ የሚሸጠው እርሾ ለጨጓራ የተመረጠ ዘር ስላልሆነ ተመሳሳይ ውጤት አይጠበቅበትም። የጠላ አተላና የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ብቅል ጥሩ መኖዎች ናቸው፣ እርጥበታቸውም በሙቀት ጊዜ ይወደዳል፤ ነገር ግን በዚህ ወቅት በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይበላሻሉና ለሳምንት አከማችቶ መስጠት አይገባም።

ቫይታሚን ኢ፣ ሴሌኒየምና ዚንክ በሙቀት የተጎዳውን የሰውነት መከላከያ ይደግፋሉ። ፕሪሚክሱ ካለ ግን ሴሌኒየም በሌላ መንገድ አይጨምሩ፤ በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ዩሪያ ጨምሮ ፕሮቲን ከፍ ማድረግም በዚህ ወቅት አይመከርም። ትርፉን ናይትሮጂን ለማስወገድ ላሟ የምታወጣው ኃይል ከወተቷ ላይ የሚቀነስ ነው። ገንዘብዎ የተወሰነ ከሆነ ቅደም ተከተሉ በእኔ ግምት ጥላና ውኃ፣ ባይካርቦኔት፣ ሞላሰስ ወይም አልፋልፋ፣ ከዚያ ፕሪሚክስ፣ በመጨረሻ እርሾ ነው።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ይህ ድብልቅ የማይሰጣቸውን ላሞች መለየት

ለመውለድ ሦስት ሳምንት የቀራት ላም ባይካርቦኔት ያለበትንና በፖታሲየም የበለጸገውን መኖ መውሰድ የለባትም። ለምትታለበዋ የሚጠቅመው ይኸው ሚዛን ለእርሷ ካልሲየምን ከአጥንቷ የማውጣት አቅሟን ስለሚያዳክም ስትወልድ በወተት ትኩሳት ልትወድቅ ትችላለች። አልፋልፋና ሞላሰስ ቀንሰው የጤፍ ጭድ፣ ድርቆሽና ማዕድን ያልገባበት ድብልቅ ይስጧት። ጥላና ውኃውን ግን ለእርሷ ይበልጥ ይጠንቀቁላት። ከመውለዷ በፊት መታለብ ባቆመችበት ጊዜ በሙቀት የተጎዳች ላም ከወለደች በኋላ የምትሰጠው ወተት ይቀንሳል፤ ጥጃዋም በአነስተኛ ክብደት ይወለዳል።

አፏን ከፍታ የምታለከልክ ወይም የምትንገዳገድ ላም ማንኛውንም ማዕድን በጠርሙስ በአፏ ማፍሰስ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ስለሚችል የተከለከለ ነው። ወደ ጥላ አምጥተው ቆዳዋ እስኪርስ ድረስ ውኃ ያፍስሱባት፣ ነፋስ እንዲነካት ያድርጉ፣ ወዲያውም የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።

ስምንተኛ ደረጃ፦ መከታተልና ማቆም

ከጀመሩበት ቀን አንሥቶ የእያንዳንዷን ላም የከሰዓት ትንፋሽ፣ የወተት መጠንና የተረፈውን መኖ በደብተር ይመዝግቡ። ከተኙት ላሞች ቢያንስ ግማሾቹ ሲያመሰኩ መታየት አለባቸው። ኩበቱ ቀጥኖ አረፋ የሚታይበትና ያልተፈጨ እህል ያለበት ከሆነ ጨጓራዋ አሁንም አሲድ በዝቶበታል፤ ባይካርቦኔት ከመጨመር በፊት በቆሎውን ይቀንሱና ጭዱን በሞላሰስ ያጣፍጡ። ላሟ ውኃ አብዝታ ጠጥታ ኩበቷ ብቻ ቢቀጥን ግን ጨው በዝቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል የውኃውን ምርመራ ውጤት እንደገና ይመልከቱ። ሁለት ሳምንት ሞልቶት ትንፋሹም ወተቱም ካልተሻሻለ ችግሩ ከመኖው ውጭ ስለሆነ ጥላውን፣ የነፋሱን አቅጣጫና የላሟን ጤና ያስመርምሩ።

የክረምቱ ዝናብ ገብቶ የከሰዓት ትንፋሽ ለተከታታይ ሰባት ቀን ከ60 በታች ሲሆን ማግኒዥየም ኦክሳይዱን አስቀድመው ያቁሙ፤ ባይካርቦኔቱን በየሦስት ቀኑ በግማሽ እየቀነሱ ያውጡ፤ ጨው፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ፕሪሚክስ ግን ዓመቱን ሙሉ ይቀጥላሉ። ሞላሰሱንም ወደ ግማሽ ኪሎ ግራም ዝቅ አድርገው ለጭዱ ማጣፈጫ ያህል ያቆዩት።